ፍየሏ ሳትሞት የሚከፈል ገንዘብ

ወገኖቼ፣ እዚህ ካኩማ ባለፈው ሳምንት ውኃ ሰልፍ ላይ አንድ የኛ ልጅ «ቱርካናዎቹ ከመንግሥታቸው ገንዘብ ይቀበላሉ፤ እኛ ራሽን ስንወስድ ግን ዓይናቸው ይቀላል» አለ። ከሰል ልትሸጥ የመጣች የቱርካና እናት ሰማችውና በስዋሂሊ «እናንተ በየወሩ ትበላላችሁ፣ የኔ ፍየሎች አለቁ» ብላ መለሰች። ነገሩ ሊከር ሲል ሰው ገባበት። ብዙዎቻችን የዚያን ገንዘብ ታሪክ ስለማናውቅ ነው ይህን የምጽፈው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

ኬንያ ነፃ በወጣች በሁለት ዓመት ውስጥ፣ በ1965፣ መንግሥት «ሴሽናል ፔፐር ቁጥር 10» የተባለ የፖሊሲ ሰነድ አወጣ። ሐሳቡ ባጭሩ የልማት ገንዘብ ዝናብና ለም መሬት ወዳለበት፣ ቶሎ ምርት ወደሚሰጠው አገር ይሂድ የሚል ነው። ቱርካና፣ ማርሳቢት፣ ዋጂርና ማንዴራ ከዚህ ምን ይደርሳቸዋል? ድርቅ ሲከፋ የእህል ጆንያ፤ እሱም ብዙ ጊዜ ከብቱ ካለቀ በኋላ። የወሎን ረሃብ ከቤተሰቡ አፍ የሰማ ሰው ይህን ማስረዳት አያሻውም።

በ2000ዎቹ መጨረሻ ላይ በእንግሊዝ መንግሥት ድጋፍ፣ በነዚሁ አራት አካባቢዎች በእህል ፋንታ ገንዘብ የሚሰጥ የሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጀመረ። ከ2013 ወዲህ በሁለተኛው ዙር ወደ 100,000 ለሚጠጉ ድሃ ቤተሰቦች በየሁለት ወሩ በባንክ በኩል ይከፈል ጀመር። እኔን የገረመኝ ግን ሌላው ነው። ከመደበኛው ዝርዝር ውጪ ለሆኑ ብዙ ቤተሰቦችም የባንክ አካውንት አስቀድሞ ተከፈተላቸው። ሳተላይት የግጦሹን መድረቅ ሲያሳይና ድርቁ ከተወሰነ ደረጃ ሲያልፍ ለነሱም ይላካል። ማመልከቻ ጽፎ ደጅ መጥናት የለም።

በ2015 ደግሞ የከብት ኢንሹራንስ መጣ፤ መጀመሪያ በዋጂርና በቱርካና። ለተመረጡ አርብቶ አደሮች እስከ አምስት ላም ለሚገመት እንስሳ አረቦኑን መንግሥት ይከፍል ነበር። በየካቲት 2017 በስድስት ካውንቲዎች ከ12,000 በላይ ቤተሰቦች 214 ሚሊዮን ሽልንግ ደረሳቸው። ሐሳቡ ለሞተ ከብት ካሳ መስጠት አይደለም። እንስሳው በሕይወት ሳለ መኖና መድኃኒት እንዲገዛበት ነው። እንከን አለው፤ ሳተላይቱ አረንጓዴ ሲያይ ፍየል የሚበላውንና የማይበላውን ቅጠል አይለይም።

በነዚህ መዝገቦች ውስጥ ስደተኛ የለም። እኛ ጋ በ2015 በስልክ መምጣት የጀመረው «ባምባ ቻኩላ» ከዓለም ምግብ ፕሮግራም እንጂ ከኬንያ ካዝና የወጣ አይደለም። ስለዚህ እሷ የኛን አልወሰደችም፣ እኛም የሷን።

ሰልፉ ሲቀል ወደ ሴትዮዋ ሄጄ ያ ገንዘብ ደርሷት እንደሆነ ጠየቅኳት። አንድ ጊዜ፣ ድርቁ በጣም የከፋ ዕለት፣ ደርሶኛል አለች፤ በቆሎና የፍየል መድኃኒት ገዝታበታለች።

«ስድስት ቀሩኝ» አለችኝ። ከዚያ ከሰሉን በስንት እንደምወስደው ጠየቀችኝ።