ሃይማኖት የሚለው መስመር፦ ከአምስተርዳም መዝገብ ቤት እስከ አልጎሪዝሙ

ማርች 27 ቀን 1943 ማታ ነው (ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የጀርመን ጦር በያዛት አምስተርዳም፣ የፖሊስ ልብስ የለበሱ ሰዎች የከተማዋ ነዋሪዎች መዝገብ ቤት ገቡ። ፖሊሶች ግን አልነበሩም። ከመሪዎቹ አንዱ ቪለም አሮንዴውስ የሚባል ሠዓሊና ደራሲ ነበር። ኸሪት ፋን ደር ፌን የተባለ ቀራጺና የሕክምና ተማሪዎችም አብረውት ነበሩ። ጠባቂዎቹን አልገደሏቸውም፤ ማደንዘዣ ወግተው ከሕንፃው አወጧቸው። ከዚያ የካርድ መሳቢያዎቹን መሬት ላይ ዘርግፈው እሳት ለቀቁባቸው።

ብዙም ሳይቆይ አብዛኞቹ ተያዙ። ጁላይ 1 ቀን 1943 አሮንዴውስን ጨምሮ 12 ሰዎች በጥይት ተደበደቡ።

እነዚህ ሰዎች ባንክ አልዘረፉም፣ የጥይት ግምጃ ቤትም አላፈነዱም። የሞቱት ወረቀት ለማቃጠል ነው። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በምናወራበት በዚህ ዘመን ይህን ታሪክ ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ወረቀቱ ላይ ምን እንደነበረ እንይ።

ኔዘርላንድ ነዋሪዎቿን መመዝገብ የጀመረችው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1930ዎቹ ደግሞ ለእያንዳንዱ ነዋሪ አንድ ካርድ የሚይዝ ሥርዓት ዘረጋች። ካርዱ ላይ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻ፣ ሥራ፣ የቤተሰብ ሁኔታ ሰፍሯል። ሃይማኖት የሚል መስመርም አለ።

ያንን መስመር የጻፈው ሰው ክፉ አላሰበም። ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም የየራሱ ትምህርት ቤት፣ ጋዜጣና ማኅበር ባለው አገር፣ ማን የየትኛው ቤተ እምነት እንደሆነ ማወቅ ለአስተዳደር ይጠቅማል ተባለ። ሕዝቡም መንግሥቱን ስለሚያምን በእውነት መለሰ። አይሁዳዊውም አይሁዳዊ ነኝ ብሎ አስመዘገበ። ማን ይፈራል? ዘመኑ ደህና ነበር።

በሜይ 1940 ጀርመኖች ገቡ። መዝገቡን ከባዶ መሥራት አላስፈለጋቸውም፤ ተሠርቶ ጠበቃቸው። የአገሪቱን የነዋሪዎች ምዝገባ ይመራ የነበረው ያኮብ ሌንትስ፣ ለማስመሰል እጅግ አስቸጋሪ የሆነ መታወቂያ አዘጋጀላቸው። የአይሁዳውያኑ መታወቂያ ላይ ደግሞ አንዲት ፊደል ታተመች። በአገሪቱ ከነበሩት 140,000 ገደማ አይሁዳውያን ውስጥ 102,000 ያህሉ ተገደሉ። ከአራት ሰው ሦስት ማለት ነው። በጎረቤት ቤልጂየም ከመቶ 40 ገደማ፣ በፈረንሳይ ደግሞ ከመቶ 25 ገደማ ነበር።

የታሪክ ሰዎች ለዚህ ልዩነት ብዙ ምክንያት ይደረድራሉ፤ መደበቂያ ጫካና ተራራ የሌለው ሜዳ አገር መሆኑን፣ የወረራ አስተዳደሩን ዓይነት፣ የሕዝቡን ለመንግሥት መታዘዝ። ያ በጥንቃቄ የተያዘ መዝገብ ግን ከምክንያቶቹ መካከል ሳይጠቀስ አይቀርም። አሮንዴውስና ጓደኞቹ ነፍሳቸውን ሰጥተው ሊያጠፉ የቻሉት ከካርዶቹ ከመቶ 15 ያህሉን ብቻ ነው። ሴራው የገባቸው የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሆን ብለው ዘገዩ፤ ከደረሱ በኋላም ከሚያስፈልገው በላይ ውሃ ረጩበት። እሳት ያልነካውን ውሃ ያበላሸዋል ብለው ነው።

አሁን እዚያው አገር እንቆይና ሰባ ዓመት ገደማ ወደፊት እንምጣ። የምነግራችሁ ሁለተኛው ታሪክ ከመጀመሪያው ጋር በክፋቱ አይወዳደርም፤ ማወዳደርም ነውር ነው። አንድ የሚያገናኛቸው ነገር ስላለ ነው።

የኔዘርላንድ መንግሥት ለሚሠሩ ወላጆች የሕፃናት ማቆያ ወጪ ድጎማ ይሰጣል። በ2013 የውጭ ዜጎች የተሳተፉበት የድጎማ ማጭበርበር ተጋለጠና ፖለቲከኞች ቁጣ ውስጥ ገቡ። አጭበርባሪ ይያዝ ተባለ። የግብር መሥሪያ ቤቱም በዚያው ጊዜ ራሱን በራሱ የሚያስተምር አልጎሪዝም ሥራ ላይ አዋለ። አልጎሪዝሙ ለእያንዳንዱ አመልካች የሥጋት ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ ከፍ ያለ ሰው ለምርመራ ይቀርባል።

አልጎሪዝሙ ከሚመለከታቸው መስመሮች አንዱ ዜግነት ነበር። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2021 ባወጣው ሪፖርት እንደተገለጸው፣ ፋይሉ የሚደርሰው ሠራተኛ ነጥቡ ለምን ከፍ እንዳለ አይነገረውም ነበር። ማሽኑ "ይህችን ሴት ተጠራጠር" ይለዋል፤ እሱም ይጠራጠራል። አንድ ፊርማ የጎደለበት ቅጽ ከተገኘ የዓመቱ ድጎማ ሙሉ በሙሉ ይመለስ ይባላል፤ በአሥር ሺዎች ዩሮ የሚቆጠር ዕዳ። ምን አጠፋሁ ብላ ብትጠይቅ የሚመልስላት የለም፤ የሚጠየቀው ሰውም አያውቀውማ! ቤት የተሸጠበት፣ ሥራ የጠፋበት፣ ትዳር የፈረሰበት ብዙ ነው። በዚህ ጣጣ ውስጥ ካለፉ ቤተሰቦች ከ1,000 በላይ ልጆች ከቤታቸው ተወስደው በሌላ ቦታ እንዲያድጉ ተደርጓል።

እዚህ ላይ አንዲት ነገር ልብ በሉ። ኔዘርላንዳውያን ያላቸው ሁለተኛ ዜግነት ከጃንዋሪ 2014 ጀምሮ ከመሥሪያ ቤቱ መዝገብ መጥፋት ነበረበት። አልጠፋም። የአገሪቱ የግል መረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን ሲያጣራ፣ በሜይ 2018 የ1.4 ሚሊዮን ሰዎች ሁለተኛ ዜግነት እዚያው ተቀምጦ አገኘው። ለሌላ ዓላማ የተጻፈ መስመር፣ ጊዜው ካለፈ በኋላም ሳይሰረዝ ቀርቷል ማለት ነው።

ነገሩን ያጋለጠው ሌላ የተራቀቀ ማሽን አይደለም። ኤቫ ጎንዛሌዝ ፔሬዝ የምትባል ጠበቃ ከ2014 ጀምሮ የወላጆቹን ጉዳይ ይዛ ለዓመታት ተሟገተች። በ2017 ሳንድራ ፓልመን የተባለች የራሱ የመሥሪያ ቤቱ የሕግ ባለሙያ አካሄዱ ስህተት ነው ብላ ጻፈች፤ የሰማት አልነበረም። ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት እስከ ኦክቶበር 2019 ድረስ ለመሥሪያ ቤቱ ሲፈርድ ቆይቶ፣ በኋላ ተሳስቻለሁ አለ። በዲሴምበር 2020 የፓርላማው አጣሪ ኮሚቴ ድርጊቱን ታይቶ የማይታወቅ ግፍ ብሎ ሰየመው። በጃንዋሪ 15 ቀን 2021 የማርክ ሩተ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ።

ከዚያስ? በማርች ምርጫ ተደርጎ የሩተ ፓርቲ አሸነፈ፤ ሩተም ተመልሶ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። መሥሪያ ቤቱ 2.75 ሚሊዮን ዩሮ ተቀጣ፤ መንግሥት ከቀኝ ኪሱ አውጥቶ ግራ ኪሱ ከተተ ማለት ነው። ለወላጆቹ ቢያንስ 30,000 ዩሮ ካሳ ተወሰነ። የጠፋ የልጅነት ዘመን ግን በዩሮ አይመለስም።

ሁለቱን ታሪኮች የሚያገናኘው ይህ ነው። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲወራ የምንፈራው ማሽኑ አንድ ቀን ከእኛ በልጦ ያምፃል ብለን ነው። እስካሁን ሰው የጎዳው ግን ያመፀ ማሽን ሳይሆን እጅግ ታዛዥ የሆነ ማሽን ነው። የሰጡትን መስመር ያነባል። ለምን ተጻፈ፣ ማን ጻፈው፣ ዛሬስ ማን እጅ ገባ ብሎ አይጠይቅም። ከወረቀቱ የሚለይበት ነገር ቢኖር ፍጥነቱና ለባለሥልጣኑ የሚሰጠው መደበቂያ ነው። ሌንትስ ከጦርነቱ በኋላ በስሙ ተጠርቶ ፍርድ ቤት ቆሟል። አልጎሪዝምን ማን ያቆመዋል?

ወደ ቤታችን እንምጣ። በቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር የሚለው መስመር ለዓመታት ኖሯል። መታወቂያ አምጣ ሲባል ዓይን ቀድሞ የት መስመር ላይ እንደሚያርፍ ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የመጣው የፋይዳ መታወቂያ ብሔርም ሃይማኖትም አይጠይቅም። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ያመጡት ሊመሰገኑ ይገባል። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም ወጥቷል።

ነገር ግን መስመሩን መሰረዝ ብቻ አይበቃም። የሰው ስም፣ የአባት ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ የሚደውልበት አካባቢ አንድ ላይ ሲገጣጠሙ፣ ማሽን ያልተጻፈውን መስመር ገምቶ ይሞላዋል። ማንም እንዲህ አድርግ ሳይለው ያደርገዋል። ባንኩ፣ ስልኩ፣ መታወቂያው እየተያያዘ ነው። በስልክ ያለ መያዣ የሚሰጥ ብድርም በነጥብ መወሰን ጀምሯል።

"ሲስተም የለም" መባልን ሁላችንም ለምደነዋል፤ ነገ ተመለስ ማለት ነው። ከእሱ የከፋው "ሲስተሙ አይሆንም ብሏል" የሚባልበት ቀን ነው፤ እሱ ነገ ተመለስ እንኳ የለውም። ስለዚህ ስንመዘገብም ሆነ አዲስ ሥርዓት ሲመረቅ ከማጨብጨብ በፊት የምንጠይቀው ይኑረን። የትኞቹ መስመሮች ይሞላሉ፣ መቼስ ይሰረዛሉ? ከተከለከልኩ ምክንያቱን በቋንቋዬ የሚነግረኝ ማን ነው? ማሽኑ ሲሳሳት ተሳስቷል ብሎ ውሳኔውን የሚሽር፣ ስም ያለው ሰው ማን ነው? እነዚህ የኮምፒውተር ጥያቄዎች አይደሉም፤ የፍትሕ ጥያቄዎች ናቸው። እነሱን ለመጠየቅም ፕሮግራመር መሆን አያስፈልግም።

አሮንዴውስ ቢያንስ የሚያቃጥለው ሕንፃ ነበረው። የዛሬው መዝገብ በአንድ ቤት አይቀመጥም፤ ቅጂው በየቦታው ነው፤ ክብሪት አይደርስበትም። በእኛ ዘመን መስመርን ማጥፋት የሚቻለው ከመጻፉ በፊት ነው።