«ሴቶች በሳይንስ» እንደ ዘርፈ ብዙ ሴሚናር፦ ጥያቄዎቹና ማስረጃዎቹ

«ሴቶች በሳይንስ» የሚባለው ዘርፈ ብዙ ሴሚናር በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መታየት የጀመረው በ1970ዎቹ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። በሳይንስ ውስጥ የሴቶች ቁጥር ለምን አነሰ፣ የሠሩትስ ለምን ተረሳ የሚሉትን ጥያቄዎች የሳይንስ ታሪክም ሆነ ሶሺዮሎጂ፣ ሥነ ልቦናም ሆነ ፍልስፍና ብቻውን መልሶ አይጨርሳቸውም። የዘርፎቹ መገናኘት መነሻው ይኸው ነው።

የታሪክ ባለሙያዎች ሥራ ስም ከመፈለግ ጀመረ። ማርጋሬት ሮሲተር በ1969 በዬል ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ታሪክ ተማሪ ሳሉ፣ መምህራንና ተማሪዎች በየሳምንቱ በሚገናኙበት ጨዋታ ላይ ሴት ሳይንቲስቶች ነበሩ ወይ ብለው ጠየቁ። የተሰጣቸው መልስ አልነበሩም የሚል ነበር፤ ማሪ ኩሪ እንኳ የባላቸው ረዳት ተደርገው ታለፉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሮሲተር ከ1906 ጀምሮ ይታተም የነበረውን የአሜሪካ ሳይንቲስቶች መዝገብ ሲያገላብጡ በመቶዎች የሚቈጠሩ ሴቶችን አገኙ። በ1982 ያሳተሙት መጽሐፍ እነዚህን ሴቶች ከመዘርዘር አልፎ የታገዱባቸውን ደንቦች ይመረምራል። ከደንቦቹ አንዱ ባልና ሚስት በአንድ ተቋም እንዳይቀጠሩ ይከለክል ነበር። የፊዚክስ ሊቋ ማሪያ ጎፐርት ማየር ባላቸው በሚያስተምሩባቸው ዩኒቨርሲቲዎች ለዓመታት ያለ በቂ ደመወዝ፣ አንዳንዴም በነጻ ሠርተዋል፤ ደመወዝ ያለው ሙሉ ፕሮፌሰርነት ያገኙት በ1960 ሲሆን፣ ከ3 ዓመት በኋላ ኖቤል ተሸልመዋል።

ሶሺዮሎጂ በበኩሉ እውቅና እንዴት እንደሚከፋፈል ይጠይቃል። ሮበርት ሜርተን በ1968 ባወጡት ጽሑፍ ስመ ጥር ሳይንቲስት ለሠራው ከሚገባው በላይ፣ ያልታወቀው ደግሞ ከሚገባው በታች ምስጋና እንደሚያገኝ አሳዩ፤ ላለው እንደሚጨመርለት በሚናገረው ወንጌል ስምም «የማቴዎስ ውጤት» አሉት። ሮሲተር በ1993 ሴቶች ለሠሩት ምስጋናው የሚነፈጉበትን ሁኔታ ለይተው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለሴቶች መብት በታገሉት በማቲልዳ ጌጅ ስም «የማቲልዳ ውጤት» ብለው ሰየሙት። በምሳሌነት ዘወትር የሚጠቀሱት ሳይንቲስቶቹ ሮዛሊንድ ፍራንክሊንና ሊዘ ማይትነር ናቸው። ለሴሚናር የበለጠ የሚያነጋግረው ግን ራሱ የሜርተን ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ በእጅጉ የተደገፈው ሶሺዮሎጂስቷ ሃሪየት ዙከርማን ከኖቤል ተሸላሚዎች ጋር ባደረጉት ቃለ መጠይቅ ሲሆን፣ የወጣው ግን በሜርተን ስም ብቻ ነው። ሜርተን በሁለቱም ስም መውጣት ይገባው እንደነበር በጽሑፍ ያመኑት 5 ዓመት ቆይተው፣ በ1973 ነው። የእውቅናን መዛባት የሚያስረዳው ጽሑፍ ራሱ የመዛባቱ ማስረጃ ሆኖ አረፈ።

ክርክሩ የሚከረው ሴቶች ሳይንስን በተለየ መንገድ ይሠራሉ ወይ ሲባል ነው። በፊዚክስ የሠለጠኑት ኤቭሊን ፎክስ ኬለር በ1983 የባርባራ ማክሊንቶክን የሕይወት ታሪክ አሳተሙ። ማክሊንቶክ በበቆሎ ላይ ባደረጉት ምርምር በክሮሞዞም ላይ ቦታ የሚለዋውጡ ጂኖች መኖራቸውን ያሳዩ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት የሕክምና ኖቤልን ብቻቸውን ተሸለሙ። ብዙ አንባቢ መጽሐፉን ለ«ሴታዊ ሳይንስ» ምስክር አድርጎ ወሰደው፤ ኬለር ግን ይህን ንባብ አልተቀበሉም። የሳይንስ ታሪክ ጸሐፊው ናትናኤል ኮምፎርት በ2001 ባሳተሙት መጽሐፍ ደግሞ የማክሊንቶክ ባልደረቦች የጂኖቹን መዘዋወር ቀድሞም እንደተቀበሉ፣ የተጠራጠሩት ዝውውሩ የዕድገት መቈጣጠሪያ ነው የሚለውን የማክሊንቶክ ሐሳብ እንደነበር ተከራከሩ። ማን ትክክል እንደሆነ ለመዳኘት ሥነ ሕይወትን ማወቅ ግድ ይላል፤ የጾታ ንድፈ ሐሳብ ብቻውን እዚህ ላይ አያዛልቅም።

የሥነ ልቦና ሙከራዎችም እርስ በርስ የሚፋጩ ይመስላሉ። በ2012 የወጣው የኮሪን ሞስ ራኩሲንና የባልደረቦቻቸው ጥናት ለ127 የሳይንስ መምህራን አንድ ዓይነት የቤተ ሙከራ ኃላፊነት ማመልከቻ አቀረበ። ልዩነቱ የአመልካቹ ስም ብቻ ነበር። ለ«ጆን» በአማካይ 30,238 ዶላር፣ ለ«ጄኒፈር» 26,508 ዶላር ደመወዝ ታሰበላቸው፤ ሴት መምህራንም ከወንዶቹ የተለየ ፍርድ አልሰጡም። በ2015 ግን ዌንዲ ዊሊያምስና ስቲፈን ሴሲ ለረዳት ፕሮፌሰርነት በቀረቡ ምናባዊ እጩዎች ላይ ሴቶች 2 ለ 1 እንደተመረጡ ዘገቡ። ጥናቶቹ ግን የለኩት አንድ ነገር አይደለም። የፊተኛው ገና ጀማሪ የሆነን፣ የኋለኛው ብቃቱ ያላጠያየቀን እጩ ነው ያስመዘነው። አድልዎ የሚሰፋው ብቃት አሻሚ በሆነበት ቦታ ነው የሚለው ግምት ከሁለቱም ጋር ይስማማል።

ተቋማት የሚያምኑት ብዙውን ጊዜ በራሳቸው ቁጥር ሲያዙ ነው። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በኤምአይቲ፣ የሥነ ሕይወት ተመራማሪዋ ናንሲ ሆፕኪንስ ለምርምር ተጨማሪ ቦታ ጠይቀው በተከለከሉ ጊዜ የባልደረቦቻቸውን ቤተ ሙከራዎች በሜትር ለኩ። ይህን ተከትሎ ሴት መምህራን በ1994 በጋራ ላቀረቡት አቤቱታ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ በ1999 የታተመው ዘገባም በቦታ፣ በደመወዝና በኃላፊነት ድልድል ሴቶች መበደላቸውን አረጋገጠ። የተቋሙ ፕሬዚዳንት ቻርለስ ቬስትም በይፋ አመኑ።

የሆፕኪንስ መለኪያ የሳይንቲስት እንጂ የማኅበራዊ ጥናት ባለሙያ አልነበረም። ስለዚህ ሴሚናሩን ለሴቶች ጥናት ክፍል ብቻ መተው ስሕተት ነው። ነገ በቅጥር ኮሚቴ ተቀምጠው ማመልከቻ የሚመዝኑት የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የምሕንድስና ተማሪዎች ናቸውና ሴሚናሩ በእነርሱ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ መቈጠር አለበት።