ወባ በወልድያ፣ በመርሳና በሐብሩ፦ መከላከል፣ ምርመራና ሕክምና

ወባ በበሽታው ተሐዋስ በተያዘች ሴት አኖፌለስ ትንኝ ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። በኢትዮጵያ በብዛት የሚከሰተው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ባሉ አካባቢዎች ሲሆን፣ የመርሳ ከተማና የሐብሩ ወረዳ ቆላማ ቀበሌዎች በዚሁ ውስጥ ይካተታሉ። ወልድያ ከዚህ ወሰን ጥቂት ከፍ ብላ ብትገኝም ከስጋት ነፃ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1958 ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው የኢትዮጵያ አካባቢዎች የተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን አሳምሞ 150,000 ያህሉን እንደገደለ ይገመታል። ከዚህ ቀደም በወባ እምብዛም ያልተያዘ ሰው በሽታውን የመቋቋም አቅሙ አነስተኛ ስለሆነ ሕመሙ በፍጥነት ሊጠናበት ይችላል።

ስርጭቱ የሚጨምርበት ወቅት

ዋናው ወቅት ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ነው። የበልግ ዝናብን ተከትሎም በሚያዝያና በግንቦት ሊጨምር ይችላል።

ምልክቶችና ምርመራ

ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ላብ፣ ራስ ምታትና የመገጣጠሚያ ሕመም የተለመዱ ምልክቶች ናቸው። ትኩሳት የጀመረው ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ በአቅራቢያው በሚገኝ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ መመርመር ይኖርበታል። ራስን መሳት፣ የሰውነት መንቀጥቀጥ፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ ወይም ሕፃን መጥባት አለመቻሉ ከታየ ታማሚው ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ሊወሰድ ይገባል።

ሕክምና

መድኃኒቱ እንደ ተሐዋሱ ዓይነት ይለያያል። በፋልሲፓረም ለሚመጣው ወባ አርቴሜተር-ሉሜፋንትሪን ለ3 ቀናት ይሰጣል። የቫይቫክስ ተሐዋስ ግን በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ በሽታውን ሊያገረሽ ስለሚችል፣ ከክሎሮኪን ጋር ፕሪማኩዊን ለ14 ቀናት ይታዘዛል። ትኩሳቱ በመብረዱ ብቻ መድኃኒቱን ማቋረጥ ወይም ለሌላ ሰው ማካፈል አይገባም። ፕሪማኩዊን ለነፍሰ ጡር እናቶች አይሰጥም፤ ስለዚህ እርግዝና ካለ አስቀድሞ ለባለሙያው መንገር ያስፈልጋል።

ለጤና ባለሙያዎች

• ትኩሳት ያለበትን ታካሚ፣ የደጋ ነዋሪም ቢሆን፣ በቅርቡ ወደ ቆላ ወርዶ እንደነበር መጠየቅ፤
• የፈጣን ምርመራ ውጤት ነጋቲቭ ሆኖ ምልክቱ ከቀጠለ በማይክሮስኮፕ ማረጋገጥ፤
• ለጠና ወባ በመርፌ የሚሰጥ አርቴሱኔት መጀመርና ታካሚውን ማስተላለፍ።

መከላከል

• በየሌሊቱ በአጎበር ውስጥ መተኛት፤ ነፍሰ ጡሮችንና ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ማስቀደም፤
• የፀረ ትንኝ ኬሚካል የተረጨን ግድግዳ አለመለሰንና አለመቀባት፤
• ያቆረ ውሃን ማፋሰስ፤ የመስኖ ቦዮችን ማጽዳት፤
• በርሜልና የውሃ ታንከር መክደን። በባቲ ጭምር የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፌንሲ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ትራባለች።

ለተጨማሪ መረጃ በአቅራቢያ የሚገኝ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያን ማነጋገር ወይም በነፃ የስልክ መስመር 8335 መደወል ይቻላል።