የስደተኞች ማዕድ፤ የሻክሹካ ጥንተ ታሪክ

በሜዲትራኒያን ባሕር ዳር ካሉት ከቱኒስና ከትሪፖሊ ከተሞች ተነሥቶ ዛሬ በቴል አቪቭም፣ በለንደንም፣ በኒው ዮርክም የቁርስ ገበታ ላይ ስመ ጥር የሆነው ሻክሹካ፣ እንቁላል በቲማቲምና በቃሪያ ስልስ ውስጥ ተሰብሮ የሚበስልበት መብል ነው። ከሚመገቡት ሰዎች ብዙዎቹ እስራኤል የፈጠረችው ምግብ ነው ብለው ያምናሉ፤ ነገሩን ከሥሩ የመረመረ ሰው ግን ቀዳሚው ክብር ለሰሜን አፍሪቃ ምድጃዎች የሚገባ መሆኑን ይረዳል፤ የዚህም ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ መመስከር ነው።

ያለ ቲማቲምና ያለ ቃሪያ የማይታሰበው ይህ መብል እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1492 በፊት ሊኖር አይችልም ነበር፤ ሁለቱም ከውቅያኖስ ማዶ፣ ከአሜሪካ ምድር የመጡ ናቸውና። ቃሪያ የኮሎምበስን መርከቦች ተከትሎ ፈጥኖ ሲስፋፋ፣ ቲማቲም ግን ወደ ማዕድ የቀረበው እየዘገየ ነው። ጣልያናዊው ሐኪም ማቲዮሊ በ1544 ስለ ቲማቲም ቢጽፍም፣ የናፖሊው የግብር አዛዥ አንቶኒዮ ላቲኒ ቲማቲምን ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር አዋሕዶ በስፓኝ ሥርዓት የሚሠራ ስልስ በመጽሐፉ ያሳተመው በ17ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ላይ ነበር።

አትክልቶቹ ወደ ቱኒዚያ የተሻገሩበት መንገድ ግን በእንባ የታጠበ ነው። የስፓኝ ንጉሥ ፊሊጶስ ሣልሳዊ በ1609 ባወጣው አዋጅ፣ አባቶቻቸው በግድ የተጠመቁባቸው የአንዳሉስ እስላሞች ከተወለዱበት ምድር እስከ 1614 ድረስ ተጠርገው ሲባረሩ፣ ብዙ ሺሕ የሚሆኑት በቱኒስ ገዥ በዑስማን ደይ ፈቃድ ተጠልለው፣ በመጀርዳ ወንዝ ሸለቆ የቴስቱርን ከተማ ቆረቆሩ። እነዚህ ሰዎች መስኖ መጥለፍና አትክልት መኮትኮት የሚያውቁ ገበሬዎች ነበሩ፤ የአሜሪካ አትክልቶች በዚያ አገር መስክ እንዲለመዱም እጃቸው ትልቅ ነበር። ዛሬ በናቡል አካባቢ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ የሚደርቀው ቀይ ቃሪያ ሐሪሳ የሚባለው ማጣፈጫ ይሠራበታል፤ እርሱም እንደ እኛ ድልህ ተደቁሶና በነጭ ሽንኩርት ተለውሶ የሚቀመጥ ሲሆን፣ ዩኔስኮ በ2022 በማይዳሰሱ የሰው ልጆች ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል።

አሠራሩን ቀርቦ ለተመለከተ ሰው የሻክሹካ ምሥጢር ትዕግሥት ነው። የወይራ ዘይት በሰፊ መጥበሻ ላይ ይሞቅና ሽንኩርቱ ይቁላላል፤ ሐሪሳው ተበጥብጦ ዘይቱ እስኪቀላ ድረስ ይማሰላል፤ ከዚያ ነጭ ሽንኩርት፣ ከሙንና ድንብላል፣ ቀጥሎም የተከተፈ ቃሪያና የበሰለ ቲማቲም ይገባል። ስልሱ ውሃውን ጨርሶ ዘይቱ በላዩ ሲንሳፈፍ፣ እርሱ ነው ሰዓቱ፤ ከዚያ በፊት እንቁላል የሚሰብር ሰው ቀጭን ሾርባ ይበላል። በማንኪያ ጀርባ ጉድጓድ ጉድጓድ ተደርጎ እንቁላሉ በየጉድጓዱ ይሰበራል፤ እሳቱም ይቀነስና መጥበሻው ይከደናል። የእንቁላሉ ነጭ ከ62 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጀምሮ መርጋት ሲጀምር፣ አስኳሉ እስከ 70 ገደማ ድረስ ፈሳሽነቱን አይለቅም፤ ስለዚህ እሳቱ ከበረታ ነጩ እንደ ላስቲክ ይደርቃል፣ አስኳሉም ዱቄት ይሆናል። በትኩሱ ዳቦ እየቆረሱ ከመጥበሻው መብላት የሥርዓቱ አካል ነው።

ከእነዚህ ማዕዶች አጠገብ ከብዙ ዘመናት ጀምሮ ይኖሩ የነበሩት የቱኒስና የትሪፖሊ አይሁድም ምግቡን እንደ ራሳቸው ያበስሉት ነበር። በ1945 በትሪፖሊ ከ130 በላይ አይሁድ በተገደሉበት ሁከት ኑሯቸው ከተናጋ በኋላ፣ ከ1949 እስከ 1951 ባሉት ዓመታት ከ30 ሺሕ የሚበልጡ የሊቢያ አይሁድ ወደ እስራኤል ፈለሱ። በዚያም የጠበቃቸው የመሸጋገሪያ ሰፈርና በራሽን የሚታደል ምግብ ነበር፤ ሥጋ እንደ ልብ በማይገኝበት በዚያ ዘመን፣ በአንድ መጥበሻ የሚያልቅ መብል ዋጋው የከበረ መሆኑ አያስደንቅም። ከዚህም ሌላ፣ በአይሁድ ሕግ እንቁላል ከሥጋም ከወተትም ወገን የማይቈጠር በመሆኑ፣ የጋራ ወጥ ቤቶች ሻክሹካን ያለ ችግር ለማስገባት ተመቻቸው፤ ውሎ አድሮም የአገሪቱ የቁርስ መለያ እስከ መባል ደረሰ። ከአገራችን በ1984 እና በ1991 ወደ እስራኤል ለተሻገሩት ቤተ እስራኤል፣ በርበሬና ስልስ ለለመደ አንደበታቸው፣ ይህ ማዕድ ባዕድ የሚሆን አይመስለኝም።

ክብሩን ለቱኒስና ለትሪፖሊ መመለስ ከአይሁድ ምንም የሚወስድባቸው የለም፤ እነርሱም የዚያው ምድር ልጆች ሆነው በዚያው ምድጃ ያበሰሉት ነበርና። ስለዚህ ሻክሹካን በዋጋ ዝርዝራቸው ላይ የሚያሰፍሩ የአዲስ አበባም ሆነ የቴል አቪቭ ምግብ ቤቶች፣ ከስሙ አጠገብ ቱኒዚያንና ሊቢያን እንዲጽፉ እለምናለሁ።