የፋይል ሥርዓት ዴድሎክ

ዴድሎክ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ፕሮሰሶች (በሥራ ላይ ያሉ ፕሮግራሞች) አንዱ ሌላው የያዘውን ቁልፍ እየጠበቀ፣ ማንም የያዘውን ሳይለቅ፣ ሁሉም ባሉበት ተገትረው የሚቀሩበት ሁኔታ ነው። የአንድ መሥሪያ ቤት ፋይሎች በጋራ በሚቀመጡበት የማከማቻ ሰርቨር ላይ ሲደርስ የሚቆመው አንድ ፕሮግራም ብቻ አይደለም፤ ያንን የፋይል ሥርዓት የነካ ሁሉ ይቆማል። ባለጉዳይ መስኮት ላይ «ሲስተም የለም» ከሚባልባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ሆኖም ከሚታሰበው ያነሰ ጊዜ ነው የሚያጋጥመው። ዴድሎክ ነው ተብሎ ከሚመጣው አቤቱታ ብዙው ሲመረመር የዘገየ ዲስክ፣ የተቋረጠ ኔትወርክ፣ ወይም ማንም ሳያስተውለው እንደታገደ የቀረ የፋይል ሥርዓት ሆኖ ይገኛል። የምርመራው ዋና ሥራም እነዚህን ለይቶ ማወቅ ነው።

አፈጣጠሩ

ጉዳዩን በጽሑፍ ካስቀመጡት ቀዳሚዎች አንዱ ሆላንዳዊው ኤድስኸር ዳይክስትራ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 አብረው ስለሚሠሩ ፕሮሰሶች ባዘጋጁት ጽሑፍ ችግሩን ከማስወገጃ ስሌት ጋር አቅርበውታል። በ1971 ደግሞ ኮፍማን፣ ኤልፊክና ሾሻኒ ዴድሎክ እንዲፈጠር አራት ነገሮች መገጣጠም እንዳለባቸው አሳዩ። ዕቃው በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ሰው የማይዘው መሆን አለበት፤ የያዘው የያዘውን ሳይለቅ ሌላ መጠበቅ አለበት፤ ከእጁ የሚነጥቀው መኖር የለበትም፤ ጥበቃውም ዞሮ ራሱ ላይ መግጠም አለበት። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ዴድሎክ የለም።

ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ሞፈርና አንድ ቀንበር በጋራ አላቸው እንበል። አንደኛው ሞፈሩን፣ ሁለተኛው ቀንበሩን ማልዶ ወስዶ «መጀመሪያ አንተ ስጠኝ» ከተባባሉ የሁለቱም ማሳ ጦም ያድራል። ቀንበሩን ያልያዘ ሞፈሩን እንዳይነካ ቢስማሙ ግን ዘግይቶ የመጣው ተራውን ይጠብቃል እንጂ ማሳ ጦም አያድርም። የፋይል ሥርዓት ጸሐፊዎች ዴድሎክን የሚከላከሉት በዋናነት በዚሁ ዘዴ ነው፤ ቁልፎች ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል ይያዛሉ።

በሊኑክስ ፋይልን ከአንድ ፎልደር ወደ ሌላ ማዛወር የሁለቱንም ፎልደር ቁልፍ ይጠይቃል። አንድ ሠራተኛ ከ«በጀት» ወደ «ሒሳብ»፣ ሌላው በዚያው ቅጽበት ከ«ሒሳብ» ወደ «በጀት» ቢያዛውሩና እያንዳንዱ መነሻውን ቀድሞ ቢቆልፍ ተያይዘው ይቀሩ ነበር። የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ይህን የሚከላከለው በአንድ የፋይል ሥርዓት ላይ እንዲህ ያለ ዝውውር አንድ በአንድ ብቻ እንዲካሄድ የሚያደርግ ሌላ ቁልፍ አስቀድሞ በመያዝ ነው። ከዚያም አንዱ ፎልደር በሌላው ውስጥ ካለ የላይኛውን ቀድሞ ይቆልፋል። ስለዚህ ተራ የቢሮ ሥራ በራሱ ዴድሎክ አይፈጥርም ማለት ይቻላል፤ ከተፈጠረ ከበስተጀርባው የከርነል ወይም የድራይቨር ስህተት፣ አለዚያም የሰርቨሩ አደረጃጀት ጉድለት አለ። «ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ ስለገባ ነው» የሚለው የተለመደ ማብራሪያ ሰርቨሩ ለምን እንደዘገየ ይገልጽ ይሆናል እንጂ ለምን እንደቆመ አይገልጽም።

ዳታቤዝ ከዚህ ይለያል። የጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው የጤና መረጃ ሥርዓት የሚሠራበት ፖስትግሬስ የተባለ ዳታቤዝ፣ ቁልፍ የሚጠብቅ ሥራ አንድ ሰከንድ ሲሞላው የዞረ ጥበቃ መኖር አለመኖሩን ይፈትሻል፤ ካገኘ አንዱን ሰርዞ የጀመረውን ይመልሳል። በፖስትግሬስ ሎግ (የመልእክት መዝገብ) ላይ ዴድሎክ ተገኘ የሚል መልእክት ሲወጣ እንግዲህ ነገሩ እዚያው ተፈትቷል፤ ከፋይል ሥርዓቱም ጋር አይገናኝም። ከርነል ግን ግማሽ መንገድ የሄደን ሥራ ወደ ኋላ የሚመልስበት መንገድ ስለሌለው መርጦ የሚሠዋው የለም። ዝም ብሎ ይጠብቃል።

በራም በኩል የሚመጣው

ለመያዝ ከሚያስቸግሩት ዓይነቶች አንዱ በራም እጥረት የሚነሳው ነው። የፋይል ሥርዓቱ አንድ ቁልፍ ይዞ እየጻፈ ራም ይጠይቃል። ራሙ ሞልቷል። ከርነሉ ቦታ ለማስለቀቅ ገና ወደ ዲስክ ያልወረደ ዳታ ለማውረድ ሲነሳ ወደዚያው የፋይል ሥርዓት ተመልሶ ያንኑ ቁልፍ ይፈልጋል። የከርነል ጸሐፊዎች በእንዲህ ያለ ቦታ የሚጠየቅ ራም «ወደ ፋይል ሥርዓት ሳትመለስ ስጠኝ» የሚል ምልክት እንዲይዝ ያደርጋሉ፤ አንድ ቦታ ምልክቱ ከተረሳ ስህተቱ ራም የተጨናነቀበት ቀን እስኪመጣ ተደብቆ ይኖራል።

ከዚሁ ጋር የሚዛመድ የአደረጃጀት ስህተት አለ። ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው ኤንኤፍኤስ አንድ ሰርቨር ፋይሎቹን ለሌሎች በኔትወርክ የሚያካፍልበት ዘዴ ነው። ሰርቨሩ ያካፈለውን ራሱ መልሶ ቢያገናኝ ግን ራም ለማስለቀቅ ወደ ኤንኤፍኤስ መጻፍ፣ ኤንኤፍኤስም የተጻፈለትን ለመቀበል ራም ይፈልጋል። በአንድ ማሽን ሁሉንም ለማሠራት በሚገደዱ ትንንሽ መሥሪያ ቤቶች ይህ አደረጃጀት ያጓጓል፤ መቅረት ያለበት ነው።

ኤክስኤፍኤስ በሚባለው የሊኑክስ የፋይል ሥርዓት ላይ በራም ድልደላ ዴድሎክ ሊኖር ይችላል የሚል መልእክት ሎጉ ላይ በተደጋጋሚ የሚወጣበት ጊዜ አለ። በቀድሞ ከርነሎች የተለመደው መንስኤ እጅግ የተበጣጠሰ ፋይል ነበር፦ የፋይሉን ቁርጥራጮች ዝርዝር ለመያዝ ያልተቆራረጠ ትልቅ የራም ቦታ ይጠየቅና አይገኝም። ቀስ በቀስ እየሰፉ የሚሄዱ የቨርቹዋል ማሽን ዲስኮች ያሉበት ሰርቨር ለዚህ ይጋለጥ ነበር። በኋላ የወጡ ከርነሎች ዝርዝሩን በትንንሽ ክፍል ስለሚይዙ ችግሩ ቀርቷል፤ ያልታደሰ ሰርቨር ላይ ግን ዛሬም ያጋጥማል።

ምርመራ

ሪስታርት ማስረጃውን ያጠፋል። ማን ምን ይዞ ምን ይጠብቅ እንደነበር የሚያሳየው መረጃ ያለው ራም ውስጥ ብቻ ነው። ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲበራ ሁሉም ይሠራል፣ ቢሮው ይደሰታል፣ ችግሩ ግን ያው ይመለሳል፤ ያኔም የሚያውቅ የለም። ስለዚህ የቱንም ያህል ቢጮህ አለቃን ጥቂት ደቂቃ አስታግሶ መረጃ መሰብሰብ የሥራው ግማሽ ነው።

የመጀመሪያው ምልክት እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል፤ ሲፒዩው ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ የሎድ አማካይ ግን ሽቅብ ይወጣል። ሊኑክስ ሎድ ሲቆጥር ዲስክ የሚጠብቁትን ጭምር ስለሚጨምር ነው። በፒኤስ ትእዛዝ ሲታዩ እነዚህ ፕሮሰሶች በሁኔታ መግለጫው ዓምድ ላይ «ዲ» የሚል ፊደል ይዘው ይገኛሉ፤ ትርጉሙ ሊቋረጥ የማይችል ጥበቃ ላይ ናቸው ማለት ነው። በ«ኪል 9» አይሞቱም። ደጋግሞ መሞከርም ፋይዳ የለውም።

ቀጥሎ እጅን መሰብሰብ ያስፈልጋል። ብዙ ባለሙያ በልማድ የዲስክ ቦታ የሚያሳየውን «ዲኤፍ» ይመታል፤ ትእዛዙ የተያዘውን የፋይል ሥርዓት ስለሚጠይቅ ራሱም ከተገተሩት አንዱ ሊሆን፣ የትእዛዝ መጻፊያ መስኮቱም አብሮ ሊቆም ይችላል። ፕሮክ በሚባለው የከርነል መረጃ ፎልደር ሥር ያለው የማውንት (የተገናኙ የፋይል ሥርዓቶች) ዝርዝር ዲስክ ስለማይነካ ያለ ስጋት ይነበባል።

ከርነሉ ራሱም ይናገራል። አንድ ፕሮሰስ 120 ሰከንድ በዚያ ጥበቃ ከቆየ ከተጠሩት ተግባራት ቅደም ተከተል ጋር ሎግ ላይ ያወጣዋል። ሁለት ነገር ግን ያሳስታል። አንደኛ፣ ልማዳዊው ገደብ አሥር ማስጠንቀቂያ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዝም ይላል፣ ዝምታውም እንደ መዳን ይቆጠራል። ሁለተኛ፣ መልእክቱ እሱን ራሱን የሚያጠፋውን ትእዛዝ አብሮ ስለሚያሳይ ትእዛዙን እንደ መድኃኒት የሚወስዱ አሉ። የሚጠፋው ማስጠንቀቂያው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ መለየት የሚቻለው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ወደ ዲስኩ የተላከ፣ ግን ያልተመለሰ ጥያቄ አለ? ሊኑክስ ለእያንዳንዱ ዲስክ በመንገድ ላይ ያሉ ጥያቄዎችን ቁጥር ያስቀምጣል። ጥያቄዎቹ ቀስ እያሉም ቢሆን ከተመለሱ ሰርቨሩ ዘገየ እንጂ አልተቆለፈም። ተልከው አንዳቸውም ካልተመለሱ ጥፋቱ ያለው ዲስኩ፣ ገመዱ ወይም ኮንትሮለሩ ዘንድ ነው። ምንም የተላከ ሳይኖር ፕሮሰሶቹ ከተገተሩ ግን እውነተኛ የቁልፍ ችግር ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ለመጨረሻው፣ ለከርነሉ በቀጥታ ከሚሰጡት የሲስአርኪው ትእዛዞች አንዱ የሆነው «ደብልዩ» የተገተሩትን ሁሉ ከነቆሙበት ቦታ ይዘረዝራል። ዝርዝሩን ማንበብ የሚመስለውን ያህል አይከብድም። አርባ ፕሮሰስ ኤክስት4 የተባለውን የፋይል ሥርዓት ጆርናል (ለውጦች አስቀድመው የሚመዘገቡበትን መዝገብ) እየጠበቁ አንድ ቦታ ላይ ተሰልፈው አንዱ ብቻ ሌላ ቦታ ቆሞ ከሆነ አርባዎቹ ተጎጂ ናቸው፤ መታየት ያለበት ያ አንዱ ነው። ሎጉ የሚጻፈው በተያዘው ዲስክ ላይ ከሆነ ሪስታርት ሲደረግ አይገኝም፤ ወደ ሌላ ማሽን መላክ ካልተቻለ ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም መላክ በቂ ነው። ያማረ አይሁን እንጂ ማስረጃ ነው።

ዝርዝሩ ሁሉም ጸሐፊ የፋይል ሥርዓቱ በር ላይ መቆሙን ካሳየ የባክአፕ ሶፍትዌር ስናፕሾት (የቅጽበት ቅጂ) ለማንሳት የፋይል ሥርዓቱን አግዶ ሳይፈታው ቀርቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ፍጹም ዴድሎክ ይመስላል፣ ግን በአንድ የኤፍኤስፍሪዝ ትእዛዝ ይለቀቃል። ትእዛዝ መጻፊያ መስኮት ካልተገኘ የሲስአርኪው «ጄ» ያንኑ ያደርጋል። ኤንኤፍኤስም እንዲሁ ያታልላል፤ በልማዳዊው «ሃርድ» አሠራር ሰርቨሩ ሲጠፋበት ደንበኛው እስኪመለስ ያለ ገደብ ይጠብቃል። ወደ «ሶፍት» መቀየር ጥበቃውን ያሳጥራል፣ ነገር ግን ግማሽ የተጻፈ ፋይል ሊተው ስለሚችል ሒሳብ ለሚቀመጥበት ቦታ አይመከርም።

በወረዳ ከተማ

ይህ ሁሉ በወረዳ ደረጃ ምን እንደሚመስል ለማየት የደሃና ወረዳን ዋና ከተማ አምደወርቅን እንውሰድ፤ በዋግ ኽምራ ዞን ደጋ ላይ ትገኛለች። ዞኑን በሚያዋስነው ተከዜ ላይ 300 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣቢያ በ2002 ዓ.ም. ሥራ ቢጀምርም የመብራት መቆራረጥ ለአካባቢው ሰው እንግዳ አይደለም። በሌላ በኩል በወረዳ ደረጃ የሚያዘው ዲጂታል መረጃ እየበዛ ሄዷል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1990ዎቹ የተጀመረው ወረዳኔት የተባለው ኔትወርክ ወረዳዎችን ከክልልና ከፌዴራል ጋር አገናኘ፤ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤቶች ሒሳባቸውን አይቤክስ በተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ያዙ፤ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቆም በወረዳ መረጃ ላይ ተመሥርቶ መወሰንን ከሥራዎቹ አንዱ አደረገ።

መብራት መጥፋት በራሱ ዴድሎክ አያመጣም። የሚያመጣው ዴድሎክ የሚመስል ነገር ነው። ሬይድ (በርካታ ዲስኮችን እንደ አንድ የሚያሠራ አደረጃጀት) ያለው ሰርቨር በድንገት ጠፍቶ ሲበራ ዲስኮቹን እርስ በርስ እያመሳከረ ስለሚያድስ ለሰዓታት ይንቀረፈፋል፤ ቢትማፕ የሚባለው መዝገብ ከተከፈተለት የሚያድሰው የተነካውን ክፍል ብቻ ስለሆነ ሥራው ባጭር ያልቃል። ሁለተኛው ምክንያት የዲስኩ ዓይነት ነው። ለግል ኮምፒውተር የተሠራ ዲስክ የተጎዳ ክፍል ሲያገኝ አንድ ሁለት ደቂቃ እየደጋገመ ሊሞክር ይችላል፤ ሊኑክስ ግን በልማዱ ትእዛዝን የሚታገሠው 30 ሰከንድ ነው። በዚህ አለመጣጣም ደህናው ዲስክ ከሬይዱ ይባረራል ወይም ሰርቨሩ ሁሉ ይገተራል። ለሰርቨር የተሠሩት ዲስኮች ብዙውን ጊዜ በ7 ሰከንድ ገደማ ተስፋ ቆርጠው ስህተት ይመልሳሉ። የማሸጊያው ጽሑፍም ሁልጊዜ አያድንም፤ ዌስተርን ዲጂታል እ.ኤ.አ. በ2020 ለማከማቻ ሰርቨር ከሚሸጣቸው «ሬድ» ዲስኮች አንዳንዶቹ ትራኮቹ ተደራርበው የሚጻፉ፣ ሬይድ ሲታደስም እጅግ የሚዘገዩ መሆናቸውን አምኗል። መለዋወጫ ከወልድያ ወይም ከባሕር ዳር እስኪመጣ ለሚጠብቅ ባለሙያ የ30 ሰከንዱን ገደብ ወደ 180 ማሳደግ ያለ ወጪ የሚገኝ ፋታ ነው።

መፍቻው

እውነተኛ የከርነል ዴድሎክ ያለ ሪስታርት አይፈታም። ማስረጃው ከተያዘ በኋላ የሚሻለው መንገድ በሲስአርኪው መጀመሪያ «ኤስ» (ያልተጻፈውን አውርድ)፣ ቀጥሎ «ዩ» (ለንባብ ብቻ አድርግ)፣ በመጨረሻ «ቢ» (አስነሳ) መስጠት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በተያዘው የፋይል ሥርዓት ላይ ላይሳኩ ይችላሉ፤ በሌሎቹ ላይ ግን ዳታ ያድናሉ። ተራው የማጥፊያ ትእዛዝ ፕሮሰሶቹ እስኪያልቁ ስለሚጠብቅ እሱም ይገተራል።

ስህተቱ የከርነል ከሆነ ዘላቂው መፍትሔ የታረመ ከርነል ነው። ኢንጎ ሞልናር የጻፉትና እ.ኤ.አ. በ2006 ሊኑክስ 2.6.18 ላይ የገባው ሎክዴፕ ቁልፎች የተያዙበትን ቅደም ተከተል እየመዘገበ፣ ዴድሎኩ ገና ሳይደርስ ሁለት ቦታዎች በተቃራኒ ቅደም ተከተል መቆለፋቸውን ያጋልጣል። ሰርቨሩን ስለሚያዘገይ ለዕለት ሥራ አይበራም፤ ችግሩ በተደጋገመበት ማሽን ላይ ለምርመራ በተዘጋጀ ከርነል ይሞከራል።

ከሪስታርት በኋላ ኤክስት4ም ሆነ ኤክስኤፍኤስ ጆርናላቸውን አንብበው ራሳቸውን ያስተካክላሉ። ኤክስኤፍኤስ ማውንት አልሆንም ካለና የጥገና ትእዛዙ ጆርናሉ ያልተነበበ መሆኑን ገልጾ እምቢ ካለ የ«ኤል» አማራጭን መጨመር ጆርናሉን ይደመስሳል፤ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች የተፈጠሩና ስማቸው የተቀየረ ፋይሎች አብረው ሊጠፉ ይችላሉ። ያንን ከመስጠት በፊት ማውንቱን በሌላ ከርነል ወይም በሌላ ማሽን መሞከር፣ ቦታ ካለም ዲስኩን እንዳለ መቅዳት ያስፈልጋል።