ማን ሂድ አለው?

ኧረ ስሙኝማ! ቦብ ማርሊን ታውቁታላችሁ፤ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ የተባለውን። እ.ኤ.አ. በ1977 ከእግሩ ጣት ጥፍር ሥር ሜላኖማ ተገኘበት። ሜላኖማ ለቆዳ ቀለም ከሚሰጡት ሕዋሳት የሚነሣ ካንሰር ነው። በ1981 ሲያርፍ ገና የ36 ዓመት ጎልማሳ ነበር፤ በሽታው ግን አንጎሉ ደርሷል። ከእግር ጣት እስከ አንጎል! ለመሆኑ ይህን ሕዋስ ማን ሂድ አለው?

ከዓመታት በኋላ በስኮትላንድ፣ ግላስጎው ከተማ በሚገኘውና ያኔ ቢትሰን ይባል በነበረው የካንሰር ምርምር ተቋም፣ ሮበርት ኢንሶልና ባልደረቦቹ የሜላኖማ ሕዋሳትን ሁሉ ነገር እኩል በተሰራጨበት ፈሳሽ ውስጥ አኖሩ። ከግራም ከቀኝም የሚጣራ የለም። ሕዋሳቱ ጥቂት ሲሆኑ እዚያው ወዲያ ወዲህ አሉ። በዝተው ሲታጨቁ ግን፣ ጉድ በሉ! ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረው ተበተኑ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ኤልፒኤ የሚባል ቅባት ነክ ሞለኪውል በደም ሴረም ውስጥ ሞልቷል። የሜላኖማ ሕዋስ ደግሞ ገላው ላይ ኤልፒኤን የሚለይ ተቀባይ አለው፤ ዋናው ኤልፒኤአር1 ይባላል። በዚህ ብቻ ቢያበቃ ደግ ነበር። ሕዋሱ ኤልፒኤውን ራሱ ይሰባብረዋል! ከብት አጠገቡ ያለውን ሣር ግጦ ሲጨርስ ወደ ለምለሙ እንደሚያቀና ሁሉ፣ የታጨቁት ሕዋሳት መሐላቸው ያለውን ሲያሟጥጡ ኤልፒኤ የሚተርፈው ከውጭ ነው። ተቀባዩም ልዩነቱን ያውቅና በብዛት ወዳለበት ይመራል። ጠሪውም ሂያጁም አንድ ሆነው አረፉት።

ጥናቱ በ2014 ሲታተም ይኸው ነገር በአይጥ ዕጢም ታይቷል፤ ውስጡ ኤልፒኤ ያነሰ፣ ዳሩ ላይ የበዛ። ተቀባዩን በመድኃኒት ሲደፍኑትማ ሕዋሳቱ አቅጣጫ ጠፋቸው።

አሌክሳንደር ብሬስሎው የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በ1970 የሜላኖማ ክፋት በውፍረቱ እንደሚለካ አሳይቶ ነበር፤ ዛሬም በሚሊ ሜትር ይለካል። ግላስጎው ለዚያ ልኬት አንድ ምክንያት የሰጠችው ይመስለኛል፤ ለስደት መጀመሪያ መብዛት ያስፈልጋላ!

«ታዲያ ተቀባዩን ደፍኖ መገላገል ነዋ» ትሉኝ ይሆናል። ኤልፒኤአር1 ግን በጤነኛ ሕዋሳትም ላይ አለ፤ ከነርቭ እስከ ቁስል መዳን ሥራው ብዙ ነው። ኤልፒኤ ደግሞ ከእሱ ሌላ አምስት ተቀባዮች አሉት።