የዶክተር ፖተንጀር ድመቶች፦ «ድመት ጥሬ ሥጋ ነው የሚስማማት» የሚለው ወሬ ከየት መጣ?



ባለፈው ሳምንት ቨርጂኒያ የምትኖር አንዲት እናት በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። ለስድስት ዓመት ልጇ የድመት ግልገል አምጥተውላታል፤ እናትየዋ ደግሞ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ጓደኛዋ «የሱቁን ምግብ ተይው፣ ድመት ጥሬ ሥጋ ነው የሚስማማት። የበሰለ እየበሉ ያደጉ ድመቶች በሦስተኛው ትውልድ ዘራቸው እንደጠፋ አንድ ዶክተር በጥናት አሳይቷል» ብላታለች። ልጅቷ ግልገሏን በእጇ ማጉረስ ትወዳለች። ጥያቄዋ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ዶክተር፣ ጥናቱ እውነት ነው? ጥሬ ዶሮ ብንጀምርላትስ ለእኛ ችግር አለው?»

እኔ የሰው ሐኪም ነኝ፤ የድመቷን ነገር የእንስሳት ሐኪም ይጨርሰው። ግን ያንን ጥናት የሠራውም የሰው ሐኪም ነበር፤ ታሪኩም ዞሮ ዞሮ ወደ ሕፃናት የወተት ቆርቆሮና ወደ እኛው ክትፎ ይመጣል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጥናቱ በእርግጥ አለ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሞንሮቪያ በምትባል ከተማ በ1903 የተቋቋመ የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኞች ማገገሚያ ነበር። ያቋቋሙት ዶክተር ፍራንሲስ ፖተንጀር ናቸው፤ የእኛ ባለታሪክ ልጃቸው ነው፣ ስሙም ልክ እንደ አባቱ ፍራንሲስ ፖተንጀር። ለቲቢ መድኃኒት ገና ያልተገኘበት ዘመን ስለሆነ ሕክምናው ዕረፍት፣ ንጹሕ አየርና ጥሩ ምግብ ነበር። ልጅየው ከኩላሊት በላይ ከምትገኘው አድሬናል ዕጢ የሚወጣ ጭማቂ ለሕመምተኞች ይሰጥ ነበር። የጭማቂውን ጥንካሬ የሚለካ የላብራቶሪ ዘዴ ስላልነበረ ዕጢያቸው በቀዶ ጥገና በወጣላቸው ድመቶች ላይ ይሞክረው ነበር። ድመቷን በሕይወት የሚያቆያት መጠን መለኪያው ሆነ ማለት ነው።

ድመቶቹ የሚበሉት ከማገገሚያው ኩሽና የተረፈ የበሰለ ሥጋ፣ ጉበት፣ ጨጓራና ልብ ሲሆን፣ ጥሬ ወተትና የዓሣ ጉበት ዘይት ይጨመርላቸዋል። ለዚያ ዘመን ድመት ድግስ ነው። ሆኖም ቀዶ ጥገናውን አይቋቋሙትም፣ ይሞታሉ። ግልገሎቻቸውም ብዙ ጊዜ ደካሞች ናቸው። ከዚያ የድመቶቹ ቁጥር እየበዛ ሄደና የኩሽናው ትርፍራፊ አልበቃ አለ። ፖተንጀር በአካባቢው ካለ የሥጋ ማዘጋጃ ጥሬ ቁርጥራጭ አስመጥቶ ለተወሰኑት ድመቶች ብቻ ለይቶ ይሰጥ ጀመር። ጥቂት ወራት እንዳለፉ ልዩነቱ በዓይን ታየ፤ ጥሬ የሚበሉት ቀዶ ጥገናውን ይቋቋማሉ፣ ግልገሎቻቸውም ጠንካሮች ናቸው። ሌላ ሰው ቢሆን አጋጣሚ ነው ብሎ ያልፈው ነበር። እሱ ግን ከ1932 እስከ 1942 ድረስ 900 ያህል ድመቶችን ተከታተለ።

ውጤቱን በ1946 ያሳተመው በጥርስ ሕክምና መጽሔት ላይ ነው፤ ምክንያቱም ትኩረቱ የመንጋጋና የጥርስ አቀማመጥ ላይ ነበር። የበሰለ ሥጋ የበሉት ፊታቸው ጠበበ፣ ጥርሳቸው ተዛባ፣ አጥንታቸው ሳሳ፣ ጽንስ ያስወርዳቸው ነበር። በሦስተኛው ትውልድ የተወለዱት ስድስት ወር አልሞላቸውም፤ አራተኛ ትውልድ አልኖረም። ጓደኛዋ የሰማችው ይህንን ነው፣ ያልተባለ ነገር አልጨመረችም።

ችግሩ ያለው ትርጉሙ ላይ ነው። ፖተንጀር ሙቀት ከምግብ ውስጥ አንድ ነገር እንደሚያጠፋ ገመተ፤ ምን እንደሆነ ግን ስም ሊሰጠው አልቻለም። በ1967 ሲሞትም አላወቀም። በ1983 ጽሑፎቹ ተሰብስበው መጽሐፍ ሆኑና ብዙ ሰው «ማብሰል ራሱ ጎጂ ነው» ብሎ አነበባቸው፤ ለድመት ብቻ ሳይሆን ለልጆችም ጭምር፣ ያልፈላ ወተት እስከማጠጣት ድረስ።

በነገራችን ላይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ የድመት ሥጋ አዟሪዎች ነበሩ። በየደጁ እየዞሩ የሚሸጡት የፈረስ ሥጋ ነው፣ ያውም የተቀቀለ። የለንደን ድመቶች በሦስተኛው ትውልድ አላለቁም። ቅቅሉን በልተው ማታ አይጥ ያድኑ ነበር፤ ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳም። የፖተንጀር ድመቶች ግን በአጥር ውስጥ ስለሆኑ ከተሰጣቸው ሌላ የሚያገኙት የለም።

የጠፋው ነገር ምን ይሆን? በ1827 ሁለት የጀርመን ሳይንቲስቶች ከበሬ ሐሞት አንድ ንጥረ ነገር ለይተው አውጥተው ነበር፤ ስሙም በሬ ከሚለው የላቲን ቃል ተወስዶ ታውሪን ተባለ። ከ140 ዓመት በላይ ማንም ብዙ ቁም ነገር አላየበትም። በ1975 ግን ከወተት ፕሮቲን በተቀመመ ምግብ ያደጉ ግልገሎች የዓይናቸው ሬቲና እየሞተ መታወራቸው ታወቀ፤ ምክንያቱ የታውሪን እጥረት ነበር። እኛ ሰዎች ታውሪንን በሰውነታችን እንሠራለን። ድመት የምትሠራው በጣም ጥቂት ስለሆነ ከሥጋ ማግኘት አለባት። በ1980ዎቹ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ታውሪን ያነሳት እናት ድመት ጽንሷ እንደሚጠፋ፣ የወለደቻቸውም ከክብደት በታች እንደሚሆኑ አሳዩ። የፖተንጀርን ማስታወሻ የሚያነብ ሰው እዚህ ላይ ቆም ይላል። ወደ 1930ዎቹ ተመልሶ የእነዚያን ድመቶች ደም የሚለካ የለም፤ ታውሪን ግን በውኃ ይሟሟል፣ ሥጋ ተቀቅሎ ውኃው ሲደፋ አብሮ ይሄዳል።

ለጥሬ ሥጋ ደጋፊዎችም ፍትሐዊ ልሁን፤ ፋብሪካዎቹም ተሳስተው ነበር። በ1987 ካሊፎርኒያ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ የእንስሳት ሐኪሞች ልባቸው ሰፍቶና ደክሞ የሚመጡ ድመቶችን መረመሩ። ብዙዎቹ የሚበሉት በጊዜው መስፈርት ያሟላል የተባለ የታሸገ ምግብ ነበር፤ በደማቸው ያለው ታውሪን ግን በጣም ዝቅተኛ ነው። ታውሪን ሲሰጣቸው የደከመው ልብ አገገመ። እኔ በየቀኑ የልብ ድካም ሕመምተኛ የማይ ሐኪም ነኝ፤ የሰፋ ልብ በንጥረ ነገር ብቻ ወደ ቦታው ሲመለስ ማንበብ ያስቀናል። ፋብሪካዎቹ የታውሪኑን መጠን ጨመሩ፣ በሽታውም ብርቅ ሆነ። ይህ ሁሉ የሆነው ድመቶቹን ወደ ጥሬ ሥጋ ሳይመልሱ ነው።

እናንተ ወላጆችም ከዚህ ታሪክ ድርሻ አላችሁ። በ1985 የወጣ ጥናት ለረጅም ጊዜ በደም ሥር ብቻ ይመገቡ የነበሩ ሕፃናት ታውሪናቸው ዝቅ ማለቱንና የሬቲናቸው አሠራር መዛባቱን አሳየ። የእናት ጡት ወተት በታውሪን ሀብታም ሲሆን የላም ወተት ድሃ ነው። በዚያው አሥርት ዓመት ወደ ሕፃናት የቆርቆሮ ወተት ይጨመር ጀመር። ቤታችሁ ካለ ጀርባውን አንብቡት፤ በብዙዎቹ ላይ ታውሪን የሚል ታገኛላችሁ።

ስለዚህ ጥሬነቱ አይደለም ቁም ነገሩ። እንዲያውም ጥሬ የሥጋ ሙዳ ብቻ የምትበላ ግልገል ሌላ ችግር ይገጥማታል። ሥጋ ፎስፈረስ ይበዛዋል፣ ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል። ያለ አጥንት ሥጋ ብቻ የሚበሉ ግልገሎች አጥንታቸው ሳስቶ ዘለው ሲወርዱ ይሰበራሉ። አይጥ የምትበላ ድመት አጥንቱንም ሆድ ዕቃውንም ትበላለች፤ የዶሮ ደረት እና አይጥ አንድ አይደሉም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ወደ ቤተሰቡ።

ጥሬ ሥጋ ብቻውን አይገባም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር ባለሥልጣን ከ2010 እስከ 2012 ባደረገው ምርመራ ለውሻና ለድመት ከተዘጋጁ 196 የጥሬ ምግብ ናሙናዎች በ15ቱ ሳልሞኔላ፣ በ32ቱ ሊስቴሪያ አገኘ። ማቀዝቀዣ ሁለቱንም አይገድላቸውም። ሊስቴሪያ ለነፍሰ ጡር ማለት ውርጃ፣ ሞቶ የሚወለድ ልጅ ሊሆን ይችላል። በ2004 ታይላንድ ውስጥ በአንድ የነብር ማቆያ ጥሬ የዶሮ ሥጋ የበሉ ነብሮች በወፍ ጉንፋን ተይዘው ከ441ዱ 147ቱ ሞቱ ወይም እንዲሞቱ ተደረጉ። በታኅሣሥ 2024 ደግሞ ኦሪገን ውስጥ የቤት ድመት ጥሬ የቱርክ ዶሮ ምግብ በልታ በዚያው ቫይረስ ሞተች። እንግሊዝ ውስጥ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ከቤት የማይወጡ ድመቶች ሳይቀሩ የከብት ቲቢ ይዟቸው ሐኪሞቹ ግራ ሲጋቡ፣ የጋራ ሆኖ የተገኘው ጥሬ የአጋዘን ሥጋ ምግብ ነበር። ታሪኩ የጀመረው ከቲቢ ማገገሚያ መሆኑን አስታውሱ። ያልፈላ ወተት የምትጠጡም ይህን ስሙ፤ የከብት ቲቢ በወተት ይተላለፋል።

ሌላ ማገገሚያ ደግሞ ፓሪስ ነበር። በ1965 በወጣ ጥናት እዚያ የተኙ ልጆች የቶክሶፕላዝማ ጥገኛ ተህዋስ እንዴት እንደሚይዛቸው ታየ። በፊት በዓመት ከመቶ 10 ያህሉ ነበር የሚያዙት። በየቀኑ ለብ ለብ ያለ የበሬ ወይም የፈረስ ሥጋ ሲሰጣቸው 50 ደረሰ፤ ለብ ለብ ያለ የበግ ሥጋ ሲጨመር 100። (ዛሬ ይህን የሚፈቅድ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያለ አይመስለኝም።) ድመት በዓይነ ምድሯ እንደምታሰራጨው በእርግጠኝነት የታወቀው ከዚያ በኋላ፣ በ1969 እና 1970 ነው። ድመቷ ራሷ የሚይዛት አይጥ ወይም ጥሬ ሥጋ ስትበላ ነው። መጀመሪያ ስትያዝ ለአንድ እስከ ሦስት ሳምንት በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል መሰል ነገር ትጥላለች። ነፍሰ ጡር ለመጀመሪያ ጊዜ ከተያዘች ወደ ጽንሱ አልፎ ዓይንና አንጎልን ሊጎዳ ይችላል።

«ድመቷን አውጥታችሁ ጣሉ» የሚሉ ዘመዶች አይጠፉም። እኔ አልልም። ከቤት የማትወጣ፣ ጥሬ የማትበላ ድመት ስጋቷ ትንሽ ነው። በ2000 በአውሮፓ ከተሞች የታተመ የነፍሰ ጡሮች ጥናት ዋናውን ጥፋት ያገኘው በደንብ ባልበሰለ ሥጋ ላይ እንጂ ድመት ማሳደግ ላይ አልነበረም። ድመቷን ከቤት አስወጥታ ጥሬ ሥጋ የምትቆርጥ እርጉዝ አይቻለሁ። ክትፎ እኔም እወዳለሁ፤ ሳረግዝ ግን «በደንብ ይብሰል» እያልኩ ነበር የማዘው፣ አስተናጋጁ ቢያዝንብኝም።

ለቨርጂኒያዋ እህቴ የጻፍኩላት ይህንን ነው። ለግልገል ተብሎ የተዘጋጀ የተሟላ ምግብ ስጧት። ሥጋ መጨመር ካማራችሁ አብስሉት፣ መረቁን አትድፉት። (አገር ቤት የታሸገ ለማታገኙም ይኸው ነው፤ በተለይ ልብ ታውሪን አለው። ከሥጋው ጋር ካልሲየሙን እንዴት እንደምታሟሉ የእንስሳት ሐኪም ጠይቁ፤ የበሰለ የዶሮ አጥንት ግን ስለሚሰነጠቅ አትስጡ።) ልጅሽ ካጎረሰች በኋላ እጇን በሳሙና ትታጠብ። የቶክሶፕላዝማ የደም ምርመራ ስለማድረግ ከእርግዝና ክትትል ሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪ። የድመቷ መጸዳጃ አሸዋ በየቀኑ ይጽዳ፤ እንቁላሎቹ ለመብሰል ቢያንስ አንድ ቀን ስለሚፈልጉ በየቀኑ ማጽዳት ራሱ መከላከያ ነው። የሚያጸዳው ግን አንቺ ሳትሆኚ ባለቤትሽ ነው።

ትናንት መለሰችልኝ። ድመቷ በታሸገው ቀጥላለች። ባለቤቷ ግን አሸዋውን በተመለከተ ከዶክተሯ በጽሑፍ ካልመጣልኝ አላምንም ብሏል፤ ይኸው መጣለት።